ለዳግም ሽያጭ ከያዝኳቸው የዶሜይን ስሞች የትኞቹን ላድስ? የትኞቹንስ ልልቀቅ?

ጠያቂያችን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ባለፉት አሥር ዓመታት መልሼ እሸጣቸዋለሁ ብዬ ያስመዘገብኳቸው 180 የዶሜይን ስሞች፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻዎች፣ አሉኝ። 160ዎቹ በዶት ኮም፣ 20ዎቹ በዶት አይኦ የሚያልቁ ናቸው። እስከ አሁን የሸጥኩት ሰባት ብቻ ነው። የእድሳት ክፍያው ስለደረሰ ሁሉንም ማደስ አልችልም። አንድ የዋጋ መገመቻ ፕሮግራም ለብዙዎቹ ከ1,000 ዶላር በላይ ግምት ሰጥቷቸዋል፤ እኔ ግን የቱን ይዤ የቱን እንደምተው ግራ ገብቶኛል። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በጨረታ በ1,200 ዶላር የገዛሁት ባለአራት ፊደል ስም አለ።» አያይዘው የላኩትን ዝርዝር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቤዋለሁ፤ ስለዚህ መልሴ በአመዛኙ እዚያው ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ነው።

ስምን ማደስ የቀድሞ ውሳኔን ማጽናት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን አዲስ ግዢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ስሙን ሲያስመዘግቡ ምን አስበው እንደነበር፣ እስከ ዛሬ ምን ያህል እንደከፈሉበት፣ ምን ያህል እንደወደዱት የሚገዛውን ሰው አይመለከተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ፊት ቆመው ሊጠይቁ የሚገባው ጥያቄ «ይህ ስም ዛሬ ያለባለቤት ሆኖ ባገኘው፣ የዓመቱን ክፍያ አውጥቼ አስመዘግበው ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ደግሞ ከስሜት እንዳይመነጭ አንድ ነገር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ስሙን ሊገዙ የሚችሉ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶችን በስማቸው መጥራት መቻል ነው። ገዢው ማን እንደሆነ መናገር ያልቻልንለት ስም ምንም ያህል ቢያምር፣ በየዓመቱ የምንከፍልበት ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ወደ ስሞቹ ከመግባታችን በፊት ሒሳቡን እንይ፤ ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ እንኳ በወረቀት ላይ ሳያሰፍር ዓመታት ያልፉበታል። ለአንድ ዶት ኮም 11 ዶላር፣ ለአንድ ዶት አይኦ 50 ዶላር እንደሚከፍሉ ጽፈዋል። 160ዎቹ 1,760 ዶላር፣ 20ዎቹ ደግሞ 1,000 ዶላር ይፈጃሉ፤ በድምሩ 2,760 ዶላር በዓመት ማለት ነው። ከስሞችዎ አንድ ዘጠነኛው ብቻ የሆኑት ዶት አይኦዎች ከወጪው ከሲሶ በላይ እየወሰዱ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። አሁን ለስሌት ያህል ከመቶ ስም በዓመት አንድ ይሸጣል እንበል፤ ይህ ከእርስዎ የአሥር ዓመት ውጤት የተሻለ ግምት ነው። አንድ ስም በዓመት ውስጥ የመሸጥ ዕድሉ ከመቶ አንድ ከሆነ፣ 11 ዶላር የሚታደሰው ስም ኪሳራ ላይ እንዳይጥልዎ ከኮሚሽን በኋላ ቢያንስ 1,100 ዶላር በእጅዎ ሊያስገባ ይገባል፤ 50 ዶላር የሚታደሰው ግን 5,000 ዶላር። የገበያ ቦታው 20 በመቶ ኮሚሽን የሚቆርጥ ከሆነ የመጀመሪያው ወደ 1,400፣ ሁለተኛው ወደ 6,250 ዶላር መሸጥ አለበት ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፏቸው። ከ20ዎቹ ዶት አይኦ ስሞችዎ ውስጥ አንድ ድርጅት 6,250 ዶላር አውጥቶ ይገዛዋል ብዬ በቅንነት ልናገርለት የምችለው ሦስቱን ብቻ ነው።

ይህ ሒሳብ ሌላም ነገር ያሳያል። የሚሸጡት ስሞች ዘወትር ከጥሩዎቹ ወገን ስለሆኑ፣ ደካማዎቹን መቶ ስሞች ቢለቁ የሽያጭዎ ቁጥር እምብዛም አይቀንስም፤ ወጪው ግን ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ መልቀቅን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት።

ከዝርዝርዎ ውስጥ ያለ ምንም ስሌት ዛሬውኑ ሊለቋቸው የሚገቡ አምስት ስሞች አሉ፤ የታወቀ የስልክ አምራች እና የታወቀ የማኅበራዊ ትስስር ድርጅት መጠሪያ በውስጣቸው የያዙት ናቸው። «ኩባንያው ራሱ አንድ ቀን ይገዛኛል» የሚል ሐሳብ እንዳለዎት ከማስታወሻዎ ተረድቻለሁ። ሐሳቡ ራሱ ነው አደጋው። የዓለም አቀፉ የዶሜይን አስተዳዳሪ አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የክርክር መፍቻ ሥርዓት መሠረት፣ የንግድ ምልክት ባለቤት ሦስት ነገሮችን ካስረዳ ስሙን ይወስደዋል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ መልኩ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብትም ሆነ ሕጋዊ ጥቅም የሌለው መሆኑን፣ እንዲሁም ስሙ በክፉ ልቦና ተመዝግቦ በሥራ ላይ መዋሉን። ስሙን ለዚያው ባለምልክት በትርፍ ለመሸጥ ብሎ ማስመዝገብ ደግሞ በሥርዓቱ ውስጥ የክፉ ልቦና ማስረጃ ተብሎ በግልጽ ተቀምጧል። ስለዚህ «ስምዎ በእኔ እጅ ነው፤ ይግዙኝ» ብለው የሚልኩት ደብዳቤ በራስዎ ላይ የሚጽፉት ማስረጃ ይሆናል። በዚህ ሥርዓት የሚያጡት ስሙን ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው ሕግ ግን ፍርድ ቤት በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሣ እንዲወስን ይፈቅዳል።

ከዚህ ተነሥተው የማንም ድርጅት መጠሪያ የሆነ ቃል ሁሉ የተከለከለ እንዳይመስልዎ። «ዴልታ» የሚለውን ቃል አየር መንገድም፣ የውኃ ቧንቧ ዕቃ አምራችም ይጠሩበታል፤ ሌሎች ብዙ ድርጅቶችም እንዲሁ። የሁሉም የሆነ ተራ ቃል፣ ያንዱን ዝና ለመንጠቅ ሳይሆን ለቃልነቱ ሲያዝ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ድርጅት የሚጋራው መጠሪያ ለሻጭ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ገዢ እምቢ ቢል ሌላው አለ።

ቀጥሎ የወቅት ስሞችን እናንሳ። በዝርዝርዎ ውስጥ «ሜታቨርስ» (በኢንተርኔት ላይ ያለ ምናባዊ ዓለም) የሚል ቃል ያለባቸው 23 ስሞች ቆጥሬአለሁ፤ የምዝገባ ቀናቸውም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. የ2021 ኅዳር ነው። ፌስቡክ የኩባንያውን ስም ወደ ሜታ መለወጡን ያስታወቀው በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ስሞቹን ያስመዘገቡት ዜናው ለዓለም ሁሉ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ጥሩዎቹ በቀደሙ ሰዎች እጅ ነበሩ፤ የቀረው ቃሉን ከሌላ ቃል ጋር የሚያስተሳስረው ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ነው። በ2020 መጀመሪያ ከወረርሽኙ ጋር በተያያዙ ስሞች ላይም የሆነው ይኸው ነው። የወቅት ቃል ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን መለኪያው ሰዎች ስለ ቃሉ ማውራታቸው ሳይሆን በዚያ ቃል የሚጠሩ፣ ደመወዝ የሚከፍሉና ደንበኛ ያላቸው ድርጅቶች መኖራቸው ነው። ከ23ቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጅት ያገኘሁለት አንድም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልግባ፤ ገዢ ቆጠራው እንዴት እንደሚደረግ በሁለት ስሞችዎ ላይ ላሳይ። አንደኛው «የፀሐይ ኃይል ፓነል ማጽዳት» የሚል ትርጉም ያለው ባለሦስት ቃል ዶት ኮም ነው። የዋጋ መገመቻው ርዝመቱን አይቶ 180 ዶላር ብቻ ሰጥቶታል። ሁለተኛው «ብሩህ» እና «መስክ» የሚሉ ትርጉሞችን ያጣመረ ባለሁለት ቃል ስም ሲሆን፣ መገመቻው 2,400 ዶላር ብሎታል። አንድ ወረቀት ወስጄ በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፦ የድርጅቱ ስም፣ አሁን የሚጠቀምበት አድራሻ፣ ይህ ስም ከአሁኑ የሚሻልበት ምክንያት። ከዚያ የስሙን ቃላት በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጌ በመፈለጊያ ላይ አስገባሁ።

ለመጀመሪያው ስም በግማሽ ሰዓት ውስጥ 30 ድርጅት ጻፍኩ። ሁሉም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ሁሉም ለማስታወቂያ ይከፍላሉ፤ ዘጠኙ እነዚያኑ ሦስት ቃላት ከከተማ ስም ወይም ከሌላ ቃል ጋር አስረዝመው አድራሻ አድርገዋቸዋል። ሦስተኛውን ዓምድ መሙላት ቀላል ነበር፤ ለማንኛቸውም ቢሆን ይህ ስም ሥራቸውን በራሱ ይናገርላቸዋል። ለሁለተኛው ስም ያገኘሁት አራት ድርጅት ነው። ሁለቱ ሥራ ያቆሙ ይመስላሉ፤ አንዱ ትንሽ የግል ጦማር ነው፤ አራተኛው ስሙን አሳጥሮ የሚጠራ በመሆኑ የሚያጓጓው ነገር የለም። ስለዚህ 180 ዶላር የተገመተውን ያድሱ፤ 2,400 የተገመተውን ይልቀቁ። እንዲህ ዓይነቱ መገለባበጥ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ርዝመትን፣ ቃላትን፣ ቅጥያን (እንደ ዶት ኮም ያለውን የስሙን መጨረሻ) እና ያለፉ ሽያጮችን እንጂ ስልኩን አንሥቶ ዋጋ የሚጠይቀውን ሰው አይደለምና። መገመቻውን ጭራሽ አይጠቀሙበት ማለቴ አይደለም፤ 180 ስሞችን በግርድፉ ለመደርደር ይረዳል፤ የሚሰጠው የዶላር ቁጥር ግን ዋጋ ተብሎ ሊያዝ አይገባም።

በሦስተኛው ዓምድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። አንድ ድርጅት ስሙን የሚፈልገው አሁን የያዘው አድራሻ ሲጎዳው ነው። ቴስላ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ «ቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም» የሚል አድራሻ ነበረው፤ ከመኪና ውጭ ወዳሉ ሥራዎች ሲሰፋ «ሞተርስ» የምትለዋ ቃል ጠበበችው። ኢሎን መስክ በ2018 እንደተናገረው አጭሩን ስም ለማግኘት 11 ሚሊዮን ዶላርና ከአሥር ዓመት በላይ ጥረት ጠይቋል። የእርስዎ ስሞች በዚያ ደረጃ አይደሉም፤ የአሠራሩ መንገድ ግን አንድ ነው። ቃል አስረዝሞ፣ ሰረዝ አስገብቶ ወይም ደካማ ቅጥያ ይዞ የሚሠራና በማደግ ላይ ያለ ድርጅት ካገኙ፣ ከሃያ ተመልካች ይልቅ እሱ ይበልጣል።

ስም በጆሮም ይመዘናል። ለማያውቀው ሰው በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮት ሳይሳሳት ሊጽፈው ይገባል። እኔ ይህን የማደርገው ከዚህ ሥራ ጋር ምንም ንክኪ ለሌላት እህቴ እየደወልኩ ነው፤ «እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብላ ሁለት ጊዜ ከጠየቀችኝ ስሙን ከእድሳት ዝርዝሬ አወጣዋለሁ። ከእርስዎ ስሞች መካከል ሰረዝ ያለባቸው 14ቱ፣ ቃልን በቁጥር የተኩት 6ቱ፣ እንዲሁም አናባቢ የተጣለባቸው 11ዱ ይህን ፈተና አያልፉም።

ስለ ቅጥያ ባጭሩ። ዶት አይኦ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት መለያ ነው፤ ብሪታንያ በእ.ኤ.አ. ሜይ 2025 የግዛቱን ሉዓላዊነት ለሞሪሺየስ ለማስተላለፍ ስምምነት ፈርማለች። ይህ ማለት ቅጥያው ነገ ይዘጋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የአገር መለያ ቅጥያ ዕጣ ከአገሩ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመት ይዞ ለሚቆይ ሰው ስጋቱ በሒሳብ መግባት አለበት። ዶት አይኦ የቴክኖሎጂ ጀማሪ ድርጅቶች ቅጥያ እንደመሆኑ፣ እነርሱ ለምርታቸው የማይመርጡት ቃል ከሱ ጋር ምንም ዋጋ የለውም፤ የእርስዎ «የጥርስ ሐኪም» እና «የሠርግ አበባ» የሚሉ ትርጉሞች ያላቸው ስሞች በዶት ኮም ቢሆኑ ኖሮ ወርቅ ነበሩ፤ በዶት አይኦ ግን ገዢያቸው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ያለፉ ሽያጮችን ሲመለከቱ የት ማየት እንዳለብዎ ላመልክት። እንደ ኔምባዮ ባሉ የሽያጭ መዝገቦች ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚስቡት ትልልቆቹ ናቸው፤ «ኢንሹራንስ ዶት ኮም» በ2010 በ35.6 ሚሊዮን ዶላር፣ «ቮይስ ዶት ኮም» በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር መሸጣቸው ይታወቃል። ከእነዚህ ለእርስዎ የሚሆን ትምህርት የለም። የሚፈልጉት ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር የተሸጡ፣ ከእርስዎ ስም ጋር ቅጥያቸውና የመጨረሻ ቃላቸው አንድ የሆኑትን ነው። «ማጽዳት» በሚል ቃል የሚያልቁ ዶት ኮሞች በተደጋጋሚ ተሸጠው ካገኙ ቃሉ ገበያ አለው ማለት ነው፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ግን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ «ሰዎች የሚፈልጉት ሐረግ ስለሆነ ጉግል ያስቀድመዋል» የሚለው በአንዳንድ ማስታወሻዎችዎ ላይ የሚታየው ምክንያት ጊዜ አልፎበታል፤ ጉግል በመስከረም 2012 ባደረገው ለውጥ ይዘታቸው ደካማ የሆኑ ድረ ገጾች በስማቸው ብቻ ያገኙት የነበረውን ብልጫ ቀንሷል።

አሁን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ልንገርዎ። ከዝርዝሩ አሥራ ሁለት ስሞችን መርጬ በብራውዘር ከፈትኳቸው። ዘጠኙ ገጹ አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ አሳዩኝ፤ ሦስቱ የመዝጋቢውን ድርጅት ማስታወቂያ ከፈቱ። አንዱም «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» አላለኝም። እርስዎ ግን ከብዙ ስሞች አጠገብ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው ጽፈዋል። ጠያቂው በሩን አጥቶት ሊሆን ይችላል! አንድ ባለድርጅት ስሙን ጽፎ ባዶ ገጽ ካጋጠመው ሌላ ስም ይመርጣል እንጂ ባለቤቱን ለማፈላለግ አይደክምም። ስለዚህ የጥያቄ አለመኖር ማስረጃ የሚሆነው ስሙ ዋጋ ወይም የመገናኛ ቅጽ ባለው የሽያጭ ገጽ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ እድሳቱን ሳይጠብቁ ያስተካክሉት።

የመጡ ጥያቄዎችን ደግሞ በጥንቃቄ ይመዝግቡ፤ ቀኑን፣ የተሰጠውን ዋጋ፣ ጠያቂው ስም ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይሁን ለራሱ ድርጅት የሚፈልገው ተጠቃሚ። እኔ ከዓመታት በፊት ከመጋዘን ሥራ ጋር የተያያዘ ባለሁለት ቃል ስም ነበረኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች 300 ዶላር አካባቢ ሰጥተውኝ ነበር፤ ዋጋው አነሰብኝና መልስ እንኳ ሳልሰጣቸው ቀረሁ፤ በአምስተኛው ዓመት ወጪ ለመቀነስ ብዬ ስሙን ለቀቅሁት። ዛሬ የአንድ ድርጅት ዋና አድራሻ ሆኖ አየዋለሁ። ስህተቴ ዝቅተኛውን ዋጋ እንደ ስድብ መቁጠሬ ነበር፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ወደ አንድ ስም መምጣታቸው ከየትኛውም የመገመቻ ፕሮግራም የበለጠ ምስክርነት ነው። በእርስዎ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠየቁ አምስት ስሞች አሉ፤ ሁሉንም ያድሱ፤ ለቀደሙት ጠያቂዎችም ዛሬ ይጻፉላቸው።

የባለአራት ፊደሉ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሊገጣጠሙ የሚችሉት ስሞች 456,976 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የቻይና ገዢዎች አናባቢና «ቪ» የሌለባቸውን በብዛት ሲገዙ ዋጋው ተወደደ፤ በ2016 ደግሞ ወረደ። እርስዎ የገዙት ከፍ ባለበት ሰሞን ነው፤ የከፈሉትን 1,200 ዶላር ይርሱት፤ ውሳኔው ከዛሬው ዋጋ መነሣት አለበት። ይሁንና እንዲህ ያለ ስም ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ጠባይ አለው፤ ተጠቃሚ ባይገኝ እንኳ ነጋዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገዛዋል። ስለዚህ አይልቀቁት፤ ያድሱት፤ ገንዘብ ከቸገርዎ ደግሞ በጨረታ ይሽጡት።

ለሚለቋቸውም ሥርዓት ያብጁላቸው። ጊዜያቸው ከማለቁ ሁለት ወር በፊት በዝቅተኛ ዋጋ ለሌሎች ነጋዴዎች ያቅርቧቸው፤ 20 ዶላር ያስገባ ስም እንኳ የሌላውን እድሳት ይከፍላል። ራሱን በራሱ እንዲያድስ የተቀመጠውን ምርጫ አንድ በአንድ ያጥፉ፤ ሳያስቡት የሚታደሱት በዚህ መንገድ ነው። ሐሳብዎን ቢለውጡ ዶት ኮም ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ከተሰረዘ ደግሞ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ከተጨማሪ ክፍያ ጋር አለ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ግን ማንም አያስመልሰውም። በእነዚህ ቀናት ላይ አይተማመኑ፤ ብዙ መዝጋቢዎች ጊዜው ያለፈበትን ስም ቀድመው ለጨረታ ያወጡታል።

በእኔ ቆጠራ ከ180ዎቹ 52 ያለጥርጥር የሚታደሱ፣ 97 የሚለቀቁ፣ 31 ደግሞ የሚያጠራጥሩ ናቸው። የሚያጠራጥሩትን ለአንድ ዓመት ብቻ ያድሷቸው፤ የሽያጭ ገጽ ያብጁላቸው፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም ገዢ ይሆናሉ ያሏቸውን አምስት ድርጅቶች ስም ይጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት እድሳት ሰሞን ያን ወረቀት አውጥተው፣ አምስቱ ድርጅቶች አሁንም በሥራ ላይ መሆናቸውን፣ አድራሻቸውን መለወጥ አለመለወጣቸውን፣ በገጹ በኩልም የመጣ ጥያቄ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። አምስት ስም መጻፍ ያቃተዎትን ግን ዓመት ሳይጠብቁ ከ97ቱ ጋር ይደምሩት።